አልበርት ኪንግ፦ ክሩን ወደ ታች የሚጎትተው ግራኝ

አልበርት ኪንግ (1923–1992 እ.ኤ.አ.) አሜሪካዊ የኤሌክትሪክ ብሉዝ ጊታር ተጫዋችና ድምፃዊ ነበር። ከቢ.ቢ. ኪንግና ከፍሬዲ ኪንግ ጋር «ሦስቱ ኪንጎች» ይባላሉ እንጂ ዝምድና የላቸውም። የእሱ የትውልድ ስም አልበርት ኔልሰን ነው። ኪንግ መባልን የመረጠው በ1950ዎቹ መጀመሪያ፣ የቢ.ቢ. ስም በገነነበት ወቅት ነው፤ የቢ.ቢ. ግማሽ ወንድም ነኝ እያለም ያስወራ ነበር። ቢ.ቢ. ጊታሩን «ሉሲል» ሲል እሱ የራሱን «ሉሲ» አላት። ከእኛዋ ድንቅነሽ ጋር አይገናኝም።

ተወለድኩ የሚለው ሚሲሲፒ ውስጥ በኢንዲያኖላ ነው። ያደገው ግን አርካንሳስ ውስጥ ፎረስት ሲቲ አካባቢ፣ ጥጥ እየለቀመ ነው። ሙዚቃው እንጀራ እስኪሆነው ድረስ ቡልዶዘር ነድቷል። ቁመቱ 1 ሜትር ከ93 ገደማ፣ አካሉም ግዙፍ ስለነበረ፣ ድምፁ ደግሞ ለስላሳ ስለሆነ፣ «የከፋይ (የቬልቬት ጨርቅ) ቡልዶዘር» የሚል ቅጽል ወጣለት። በ1953 ወደ ጌሪ፣ ኢንዲያና ሄዶ ለብሉዝ ተጫዋቹ ጂሚ ሪድ ድራም መታ፤ በዚያው ዓመት ፓሮት በተባለ አሳታሚ የመጀመሪያ ሸክላውን አስቀረጸ። ሸክላው ብዙም አልተራመደም። በ1956 ወደ ሴንት ሉዊስ አካባቢ ተዛወረ። በአገር አቀፍ የሪትም ኤንድ ብሉዝ ሰንጠረዥ የገባው ግን በ1961 ነው፤ 14ኛ ደረጃ ደረሰ። ያኔ 38 ዓመቱ ነበር።

አልበርትን ከሌሎች የሚለየው አያያዙ ነው። ግራኝ ነው፣ የያዘው ግን ለቀኝ እጅ የተሠራ ጊታር ነው። ግራኝ የሆነ ሰው እንዲህ ያለ ጊታር ሲያገኝ ብዙውን ጊዜ ገልብጦ ይይዝና ክሮቹን አውልቆ ቅደም ተከተላቸውን ቀይሮ ይገጥማቸዋል፤ ጂሚ ሄንድሪክስ እንዲህ ነበር የሚያደርገው። አልበርት ገለበጠ፣ ክሮቹን ግን እንዳሉ ተዋቸው። ስለዚህ ሌላው ጋ ወደ መሬት በኩል የሚውለው ቀጭኑ ክር እሱ ጋ ወደ አገጩ በኩል ሆነ፣ ወፍራሙ ከታች።

ብሉዝ ውስጥ ክር መሳብ ትልቅ ነገር ነው። ጣት ክሩን ከመስመሩ ወደ ጎን ሲያወጣው ውጥረቱ ይጨምርና ድምፁ እየቀጠነ ይወጣል። ሌላው ተጫዋች ቀጭኑን ክር ወደ ላይ ይገፋዋል፤ አልበርት ወደ ታች፣ ወደ መዳፉ ይጎትተዋል። መግፋት የጣትን ጉልበት ይጨርሳል፤ መጎተት ግን ጡጫ እንደ መጨበጥ ስለሆነ የክንዱም ክብደት ያግዛል። ሌላው አንድ ቶን (የድምፅ ርቀት መለኪያ ነው) ስቦ የሚቆምበትን እሱ ሁለት ቶን፣ ሲያሻው ከዚያም በላይ ይወስደዋል። አንድ ፍሬት (ከአንገቱ ላይ ከተደረደሩት የብረት መስመሮች አንዱ) ላይ ቆሞ፣ አንዴ መትቶ፣ ሦስት አራት ኖታ ያወጣል።

ቅኝቱም ዝቅ ያለ ነው። የእሱን ስልት የሚያጠኑ በብዛት የሚይዙት፣ ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ፣ ሲ ሻርፕ፣ ጂ ሻርፕ፣ ቢ፣ ኢ፣ ጂ ሻርፕ፣ ሲ ሻርፕ የሚለውን ነው። ቀጭኑ ክር ከተለመደው ኢ በሦስት ግማሽ ቶን ወረደ ማለት ነው። ሦስት ግማሽ ቶን የወረደ ክር ከውጥረቱ 30 በመቶ ገደማ ያጣል፤ ስቦ ሁለት ቶን ማድረስ የሚቻለውም ስለዚህ ነው። ጉዳትም አለው፦ የላላ ክር በኃይል ሲመቱት ፍሬቱን እየነካ ይንጫጫል፤ ጠንከር አድርገው ሲጫኑትም ሳይስቡት ከቅኝት ይወጣል። አልበርት ፒክ (የክር መምቻ) አይዝም፣ በአውራ ጣቱ ነበር የሚመታው። የድምፁ ሥጋ ከዚያ የመጣ ነው።

የተገለበጠ ጊታር ሌላም ጣጣ አለው። አንድ ጎኑ ብቻ የተጎረደ አካል ሲገለበጥ ጉርዱ ወደ ላይ ይዞርና እጅ የላይኞቹን ፍሬቶች አይደርስባቸውም። አልበርት የመረጠው ጊብሰን በ1958 ያወጣውን ፍላይንግ ቪ ነው፤ ሁለቱ ክንፎቹ እኩል ስለሆኑ ቢገለብጡት ያው ነው። የድምፅ ማስተካከያ ቁልፎቹ ግን ከክንድ በታች መግባታቸው አልቀረም። በ1972 ዳን ኧርልዋይን ከዋልነት እንጨት የግራኝ ቪ ሠራለት፤ የአልበርት ስም ከአንገቱ ላይ ተለብጧል። በዚህም ላይ ክሮቹ እንደ ድሮው ተገልብጠው ነው የተገጠሙት።

ዋናው የሥራ ዘመኑ ከ1966 ይጀምራል፤ ሜምፊስ ውስጥ ከቀድሞ ሲኒማ ቤት በተሠራው የስታክስ ስቱዲዮ። ከኋላው ቡከር ቲ. ጆንስ፣ ስቲቭ ክሮፐር፣ ደክ ደን፣ አል ጃክሰንና የሜምፊስ ሆርንስ ነፋሾች ነበሩ። ጃክሰን ድራም ከመምታቱም ሌላ ፕሮዲውሰር ሆኖ አብሮት ሠራ። ነፋሾቹ ግጥሙን ሲመልሱ ጊታሩ በየክፍተቱ ይገባል፤ ብሉዙ የሚያስጨፍር ሆነ። በ1967 የወጣው «ቦርን አንደር ኤ ባድ ሳይን» አልበም ከዚህ የተገኘ ነው፤ ብሉዝ ጊታር መማር ለሚፈልግ ከዚህ የተሻለ መነሻ ያለ አይመስለንም። በ1968 ሳን ፍራንሲስኮ በፊልሞር መድረክ ለነጭ ወጣቶች ተጫወተ። በዚያው ዓመት የኤሪክ ክላፕተን ቡድን ክሪም የአልበሙን መጠሪያ ዘፈን በራሱ ተጫውቶ አወጣ። በ1969 ከሴንት ሉዊስ ሲምፎኒ ጋር ቀረበ። ስታክስ በ1975 ከከሰረ በኋላ የወጡት ሥራዎቹ የቀድሞዎቹን ያህል አልሆኑም።

ቀኝ እጀኛ ሆኖ ስልቱን መያዝ የሚፈልግ መጀመሪያ ቅኝቱን ያውርድ። ከዚያ የሚደርስበትን ኖታ አስቀድሞ ይስማ፦ ሁለት ቶን ለመሳብ አራት ፍሬት ወደ ፊት ያለውን ኖታ መትቶ ጆሮው ላይ ያስቀር፣ ተመልሶ ክሩን ይሳብ። በሦስት ጣት አብሮ መግፋት፣ አጎራባቹን ክር በጣት ጫፍ ዝም ማሰኘት ያስፈልጋል፤ ይህ ካልሆነ የተገፋው ክር ሲለቀቅ አጎራባቹ ይጮሃል። ብዙዎች የሚሳሳቱት የአምፑን (የድምፅ ማጉያውን) ድምፅ ከልክ በላይ በማሻከር ነው። አልበርት የሚጠቀመው አኩስቲክ የሚባል የትራንዚስተር አምፕ ነበር፤ ድምፁ ጥርት ያለ፣ ትንሽም ደረቅ። ሌላው ስሕተት ኖታ ማብዛት ነው።

በታህሳስ 1983 ሃሚልተን፣ ካናዳ በሚገኝ የቴሌቪዥን ስቱዲዮ ከብሉዝ ጊታር ተጫዋቹ ስቲቪ ሬይ ቮን ጋር ጎን ለጎን ተጫውተዋል፤ ቅጂው በ1999 ወጣ። ሁለቱን አንድ ላይ ማየት ልዩነቱን ያሳያል፦ ቮን ክሩን ወደ ላይ ይገፋል፣ አልበርት ወደ ታች ይጎትታል። የመጨረሻ ኮንሰርቱን ታህሳስ 19 ቀን 1992 ሎስ አንጀለስ አቀረበ። ከሁለት ቀን በኋላ ሜምፊስ ውስጥ በድንገተኛ የልብ ሕመም አረፈ፤ የተቀበረው ከሚሲሲፒ ወንዝ ማዶ፣ አርካንሳስ ውስጥ በኤድመንድሰን ነው።