ቪጋን እና ክሩኤልቲ ፍሪ አንድ አይደሉም

እህቶች፣ መዋቢያ ላይ የሚጻፉት እነዚህ ሁለት ቃላት አንድ ናቸው ወይ ተብሎ በዚህ ሳምንት ብቻ ሦስቴ ስለተጠየቀ አንዴ ልበለው። "ቪጋን" የሚለው ስለ ውስጡ ነው፤ ከእንስሳ የመጣ ነገር የለበትም ማለት ነው። "ክሩኤልቲ ፍሪ" ደግሞ ስለ ሙከራው ነው፤ እንስሳ ላይ አልተሞከረም።

እዚህ ደሴ ጸጉራችንን የምንቀባውን ለጋ ቅቤ ውሰዱ። ማንም ጥንቸል ላይ አልሞከረውም። ግን ከላም ነው የመጣው፣ ቪጋን አይደለም። ያ የምንወደው ደማቅ ቀይ ሊፕስቲክ ደግሞ የጥንቸል ምልክት (የ"ክሩኤልቲ ፍሪ" ምልክት) እያለበት ካርማይን ሊኖረው ይችላል። ካርማይን ከተፈጩ ነፍሳት የሚወጣ ቀለም ነው (እኔም ስሰማ ከንፈሬን ጠረግሁ)። የግብዓት ዝርዝሩ ላይ 75470 የሚል ቁጥር ካያችሁ እሱ ነው። የንብ ሰምና ከበግ ሱፍ የሚወጣው ላኖሊንም ቪጋን አይደሉም።

የአውሮፓ ኅብረት እንስሳ ላይ የተሞከረ መዋቢያ እንዳይሸጥ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከልክሏል። "ክሩኤልቲ ፍሪ" የሚለው ቃል አጠቃቀም ግን ከድርጅት ድርጅት ይለያያል፤ አንዱ ያለቀውን ምርት ብቻ ይቆጥራል፣ ሌላው ግብዓቱንም ጭምር።

ጥቁር የቆዳ ጃኬትስ? "ቪጋን ሌዘር" (ከእንስሳ ያልመጣ ቆዳ መሳይ) ከተባለ አብዛኛውን ጊዜ ፕላስቲክ ነው። ለኮምቦልቻ ሙቀት አልመክርም።