ትርታ ያላቸው ኮከቦች በግርዶሽ ሲለኩ

ትርታ ያላቸው ኮከቦች የሚባሉት ውጫዊ አካላቸው በየጊዜው እየሰፋና እየጠበበ ብርሃናቸው ከፍ ዝቅ የሚል ኮከቦች ናቸው። የትርታው ፍጥነት ስለ ውስጣቸው ብዙ ይናገራል፤ መጠነ ቁሳቸውን ለማወቅ ግን በንድፈ ሐሳብ ላይ መደገፍን ይጠይቃል። ኮከቡ ከሌላ ጋር ተጣምሮ ሲዞርና ሁለቱ ከእኛ እይታ ተራ በተራ ሲጋረዱ ነገሩ ይለወጣል። የግርዶሹ ርዝመትና ቅርጽ የምህዋሩን ዝንባሌና የኮከቦቹን ሬድየስ ከምህዋሩ ስፋት አንጻር ያሳያል፤ በዶፕለር ዘዴ (ኮከቡ ሲቀርብና ሲርቅ ብርሃኑ ላይ ከሚታየው የሞገድ ርዝመት ለውጥ) የሚለካው የሁለቱም ፍጥነት ሲታከልበት መጠነ ቁሳቸው ስለ ውስጣቸው ምንም ሳይገመት ይሰላል።

ግርዶሹን ብቻ ለማየት ከሐዋሳ ሆኖ መሣሪያ እንኳ አያስፈልግም። አልጎል የተባለው ተጋራጅ ጥንድ ኮከብ በታኅሣሥ መጨረሻ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ በሰሜን በኩል 56 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ይታያል፤ በየ2 ቀን ከ20 ሰዓት ከ49 ደቂቃው ብርሃኑ ወደ ሲሶ ይወርዳል። ግርዶሹ በድምሩ 10 ሰዓት ገደማ ስለሚፈጅ፣ ሐይቁ ዳር እራት ሲበላ ደምቆ የነበረው ኮከብ እኩለ ሌሊት ላይ ፈዝዞ ሊገኝ ይችላል። ይህ በግርዶሽ የሚመጣ ነው ብሎ እ.ኤ.አ. በ1783 የገመተው መስማት የተሳነው የ18 ዓመቱ እንግሊዛዊ ጆን ጉድሪክ ሲሆን፣ በዓመቱ ደግሞ የዴልታ ሴፊን ብርሃን መለዋወጥ አገኘ፤ ኮከቡ ትርታ ያለው መሆኑ የታወቀው ግን ከእርሱ በኋላ ብዙ ቆይቶ ነው።

ሁለቱ ክስተቶች በአንድ ጥንድ ላይ ሲገናኙ ምን እንደሚመስል አርዜድ ካሲዮፔያ ያሳያል። ግርዶሹ በየ28 ሰዓት ከ41 ደቂቃው ይመጣል፤ ደማቁ ኮከብ ደግሞ በየ22 ደቂቃው ይተረታል፤ የብርሃኑ ለውጥ ግን ከመቶ አንድ እጅ ገደማ ብቻ በመሆኑ ያለ ጥሩ መለኪያ አይያዝም። ባልንጀራው ፊቱን ሲጋርደው የተሸፈነው ክፍል የትኛው እንደሆነ ስለሚታወቅ፣ በዚያች ሰዓት የትርታው ለውጥ የኮከቡ ገጽ የቱ ጋ እንደሚነሳና የቱ ጋ እንደሚወድቅ ፍንጭ ይሰጣል።

የዘዴው ታላቅ ፍሬ ግን ከትልቁ የማጅላን ደመና መጣ፤ ከሐዋሳ ይህ ጋላክሲ በደቡብ ከአድማስ 13 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ይላል። እንደ ዴልታ ሴፊ ባሉት፣ ሴፌይድ በሚባሉት ትርታ ያላቸው ኮከቦች ላይ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ ከትርታ የሚሰላው መጠነ ቁስ ከኮከብ ዕድገት ስሌት ከ20 እስከ 30 በመቶ ያንስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 ትርታው 3.8 ቀን፣ ምህዋሩ 310 ቀን ገደማ የሆነው፣ በዚሁ ጋላክሲ የሚገኘው ተጋራጅ ሴፌይድ ሴፕ-0227 ተለክቶ መጠነ ቁሱ የፀሐይን 4.14 እጥፍ፣ ስህተቱም 1 በመቶ ገደማ ሆኖ ተገኘ፤ ከትርታው ስሌት ጋርም ተስማማ።

አድካሚው ሥራ ሁለቱን የብርሃን ለውጦች መለየት ነው፤ በቀንና በክረምት ደመና የሚቋረጥ ምልከታ ይህን ያከብደዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የመጠቀው ቴስ ሳተላይት አንዱን የሰማይ ክፍል ለ27 ቀን ያህል ስለሚከታተል ያቀለዋል።