ካፕሮኒ 133፦ ባለሦስት ሞተሩ የጣሊያን ቦምብ ጣይ

ካፕሮኒ 133 በጆቫኒ ካፕሮኒ የተቋቋመው የጣሊያን አውሮፕላን ፋብሪካ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1934 ለመጀመሪያ ጊዜ ያበረረው ባለሦስት ሞተር ቦምብ ጣይና ማጓጓዣ አውሮፕላን ነው። በጊዜው የአውሮፓ አየር ኃይሎች መለኪያ ሲታይ ዘገምተኛ ነበር፤ መሣሪያውም ሳሳ ያለ ነው። በኢትዮጵያ ሰማይ ላይ ግን የሚያስቆመው አልተገኘም። ተዋጊ አውሮፕላን በሌለው ሕዝብ ላይ ስለተላከ ድክመቱ ሳይታይ ቀረ፤ አምስት ዓመት ያህል ቆይቶ እውነተኛ ተጋጣሚ ሲመጣበት ደግሞ በወራት ውስጥ ተንኮታኮተ።

ከእሱ በፊት ፋብሪካው ባለሦስት ሞተሩን 101 እና ባለአንድ ሞተሩን 111 ሠርቶ ነበር። በወረራው የመጀመሪያ ሳምንታት ከኤርትራ ይነሡ ከነበሩት ቦምብ ጣዮች አብዛኞቹ እነዚህ ታላላቆቹ ናቸው። የሙሶሊኒ አማች ጋሌያትሶ ቻኖ ያዝዘው የነበረውና መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አድዋን ከደበደቡት አንዱ የሆነው «ላ ዲስፔራታ» የተባለ ቡድን የሚበርረው በ101 ነበር። የሙሶሊኒ ልጆች ቪቶሪዮና ብሩኖም በዚያው ዓይነት አውሮፕላን ዘምተዋል። 133 በብዛት የደረሰው ከዚያ በኋላ ነው። በጦርነቱ ትረካዎች ሁሉም በደፈናው «ካፕሮኒ» ስለሚባሉ ይህን ለይቶ መያዝ ይጠቅማል።

ስለ አሠራሩ መጀመሪያ የሚነሣው ጥያቄ ሦስት ሞተር ለምን አስፈለገ የሚለው ነው። የዚያን ጊዜዎቹ የጣሊያን ሞተር ፋብሪካዎች ከባድ አውሮፕላን በሁለት ብቻ የሚያነሣ ጠንካራና አስተማማኝ ሞተር በበቂ መጠን አላቀረቡም። ስለዚህ መሐንዲሶቹ ሦስተኛውን አፍንጫው ላይ ጨመሩ። አንዱ ሞተር ቢቆም በሁለቱ ቀሪ ጉልበት በረሃውንና ተራራውን ተሻግሮ መመለስ ይቻላል፤ ለቅኝ ግዛት በረራ ይህ ትልቅ ዋስትና ነው። በሌላ በኩል የአፍንጫው ሞተር የቦምብ አነጣጣሪውንና የፊት ተኳሹን ቦታ ይወስዳል፣ የአብራሪውንም የፊት እይታ ይጋርዳል። ጣሊያኖች ይህን ጉድለት አውቀው ተቀብለውት፣ ባለሦስት ሞተር ቦምብ ጣዮችን እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መሥራታቸውን ቀጠሉ።

የካፕሮኒ 133 አካል ከተበየደ የብረት ቱቦ ተዋቅሮ በቆርቆሮና በሸራ የተለበጠ ነው። ይህ አሠራር ያረጀ ቢሆንም ከከተማ በራቀ ሜዳ ላይ ጥገናን ያቀልላል፤ የተቀደደ ሸራ እዚያው ይጣፋል፣ የተጣመመ ቱቦ እዚያው ይበየዳል። ክንፉ ከአካሉ በላይ በመሆኑ ሠራተኞቹ መሬቱን ያለ ከልካይ ያያሉ፣ ባልተስተካከለ ሜዳ ላይ ሲያርፉም ክንፉ ከድንጋይና ከቁጥቋጦ ይርቃል። የማረፊያ እግሮቹ አይታጠፉም። እያንዳንዳቸው 460 የፈረስ ጉልበት ያላቸው የፒያጆ ሞተሮች ቢበዛ በሰዓት ወደ 265 ኪሎ ሜትር ያስኬዱታል፤ መከላከያው ጥቂት 7.7 ሚሊ ሜትር መትረየሶች ናቸው። ቦምቡ ወርዶ ወንበር ሲገባበት 18 ያህል ወታደር ይይዛል። እንደ አስመራ ባለ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩ ጉልበት ያንሰዋል፣ ለመነሣትም ረጅም ማኮብኮቢያ ይፈልጋል። የራሳቸው የጣሊያን ወታደሮች በዝግታው የተነሣ «ላም» ይሉት ነበር።

ይህ አውሮፕላን የገጠመው የኢትዮጵያ ወገን ከደርዘን ብዙ የማይበልጡ አሮጌ አውሮፕላኖች ነበሩት፤ ከእነዚህም ለመብረር የበቁት ጥቂቶች ናቸው። አፍሪካዊ አሜሪካዊው ጆን ሮቢንሰንና ሚሽካ ባቢቼፍን የመሰሉ አብራሪዎች መልእክትና ሰው ከማመላለስ ያለፈ አቅም አልተሰጣቸውም። ፀረ አውሮፕላን መድፉም በጣት የሚቆጠር ነው። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ደሴ ስትደበደብ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ከመሣሪያው ጀርባ ሆነው ሲተኩሱ ታይተዋል፤ በዚያ ቀን የቀይ መስቀል ምልክት የነበረበት የአሜሪካኖች ሆስፒታልም ተመታ። በጠመንጃ የተበሱ የጣሊያን አውሮፕላኖች ብዙ ናቸው። የወታደሩ ጀግንነት ግን በሰማይ ያለውን ክፍተት ሊሞላ አይችልም ነበር።

ከቦምቡም የከፋው የመርዝ ጋዙ ነው። ታኅሣሥ 13 ቀን 1928 ዓ.ም. በተከዜ አካባቢ የነበረው የራስ እምሩ ሠራዊት ከአየር በወረደ ፈሳሽ እጁ፣ እግሩና ፊቱ ተላጠ። ለዚህ የተሠራው ዋናው ቦምብ 280 ኪሎ ግራም ያህል የሚመዝን ሲሆን፣ ከ200 ኪሎ የሚበልጥ ኢፕሪት ይይዛል። መሬት ሳይነካ ከ250 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ እንዲፈነዳ ስለተደረገ ፈሳሹ እንደ ካፊያ ይረጫል። ኢፕሪት ዘይትነት ያለው መርዝ ነው፤ ሣሩ ላይ፣ ቅጠሉ ላይ፣ ውኃው ላይ ይቀመጣል፣ የነካውንም ቆዳና ዓይን ያቃጥላል። በባዶ እግሩ ለሚዘምት ወታደርና ከወንዝ ለሚጠጣ ከብት ማምለጫ የለውም። ከማይጨው ጦርነት በኋላ በአሸንጌ ሐይቅ ዳር ያፈገፍግ የነበረው ሠራዊትም ከአየር በቦምብና በጋዝ ተመታ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቭ ለመንግሥታት ማኅበር ሲናገሩ፣ አውሮፕላኖቹ ዘጠኝም አሥራ አምስትም አሥራ ስምንትም ሆነው እየተከታተሉ የሚረጩት ጭጋግ ሳይቋረጥ ምድሩን ይሸፍን እንደነበር አስረድተዋል።

ካፕሮኒዎች ስንቅም ያመላልሱ ነበር። በአፋር በረሃ አቋርጦ ወደ ሳርዶ የዘመተው የጣሊያን ጦር ምግቡንና ውኃውን ያገኘው በአብዛኛው ከአየር ነው። አዲስ አበባ ከተያዘች በኋላም ይኸው ሥራ ቀጠለ፤ አርበኞች መንገድ ሲዘጉባቸው የተከበቡ ምሽጎች ስንቅና ጥይት ከሰማይ ይወርድላቸዋል፣ አርበኛውን ያስጠጋ መንደር ደግሞ በቦምብ ይቃጠላል።

በዚህ ሁሉ መካከል የቦናያው ድል ልዩ ቦታ አለው። በሰኔ 1928 ዓ.ም. ምክትል የአየር ኃይል አዛዡ ጄኔራል ቪንቼንዞ ማልዮኮና ታዋቂው አብራሪ አንቶኒዮ ሎካቴሊ ወለጋን ያለ ውጊያ እንይዛለን ብለው በሦስት አውሮፕላኖች ለቀምት አጠገብ ቦናያ ላይ አረፉ። ከሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ወጥተው በጥቁር አንበሳ ማኅበር የተደራጁት ወጣቶች ሰኔ 20 ሌሊት ደረሱባቸው። አውሮፕላኖቹ ተቃጠሉ፤ ከጣሊያኖቹ የተረፉት አባ ማሪዮ ቦሬሎ የተባሉ ቄስ ብቻ ናቸው። ሊያወርዱት ያልቻሉትን አውሮፕላን መሬት ላይ ጠብቆ ማጥፋት እንደሚቻል ያሳዩት እነዚህ ልጆች ናቸው።

ጣሊያን በሰኔ 1932 ዓ.ም. ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስትገባ በምሥራቅ አፍሪካ ካላት አውሮፕላን በቁጥር የሚበልጠው ይኸው ካፕሮኒ 133 ነበር። ኬንያ ውስጥ ዋጂርን ደበደበ፣ በእንግሊዝ ሶማሌላንድ ዘመቻም ተሰለፈ። ይሁንና የእንግሊዝና የደቡብ አፍሪካ አብራሪዎች ሃሪኬን የተባለውን በሰዓት ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ የሚበርር ተዋጊ ይዘው ሲመጡ ለካፕሮኒ ሸሽቶ ማምለጥም ተኩሶ መመለስም አልተቻለውም። የስዊዝ መተላለፊያ በእንግሊዞች እጅ ስለነበር መለዋወጫና ነዳጅ በመርከብ አይመጣም። አዳዲስ አውሮፕላኖች ከሊቢያ በረጅም በረራ ሲገቡ የተቃጠሉትን ካፕሮኒዎች የሚተካ አልነበረም። ብዙዎቹ በየሜዳው ቆመው ተመቱ፣ የቀሩትም ጣሊያኖች ሲሸሹ ተጥለው ቀሩ። ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ጎንደር ስትያዝ በኢትዮጵያ የነበረው የጣሊያን አየር ኃይል ታሪክ አበቃ። በሌሎቹ ግንባሮች፣ በአልባኒያ፣ በሊቢያና በሩስያ፣ 133 የሠራው በአብዛኛው እንደ ማጓጓዣና እንደ ቁስለኛ ማመላለሻ ነው።

የጋዙን ነገር የጣሊያን ባለሥልጣናትና አንዳንድ ስመ ጥር ጋዜጠኞች ለአሥርት ዓመታት ሲክዱ ቆይተዋል። ሰነዶቹን አሳድዶ ያወጣው የታሪክ ጸሐፊው አንጄሎ ዴል ቦካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የጣሊያን መከላከያ ሚኒስትር ዶሜኒኮ ኮርቾኔ በኢትዮጵያ ላይ ኢፕሪት የያዙ የአውሮፕላን ቦምቦችና የመርዝ መድፍ ጥይቶች ጥቅም ላይ መዋላቸውን፣ ይህንንም ሙሶሊኒ ያውቅ እንደነበር በይፋ አረጋገጡ።