አምስቱ የጊቤ መንግሥታት፦ ጋብቻ፣ ኬላና የሲራራ መንገድ በጅማ ዙሪያ

በ19ኛው ክፍለ ዘመን በጊቤና በገባር ወንዞቹ መካከል አምስት የኦሮሞ መንግሥታት ጎን ለጎን ነበሩ፤ ሊሙ እናርያ፣ ጅማ፣ ጎማ፣ ጉማና ጌራ። ቋንቋቸው አንድ ነው። ነገሥታቱ ተራ በተራ እስልምናን ተቀብለዋል፣ ልጅ ተሰጣጥተዋል፣ የጋራ ጠላት ሲመጣ ጦር ያዋጡ ነበር። ያም ሆኖ በአንዱና በሌላው ድንበር መካከል ያለው ለም መሬት ሳይታረስ ጫካ ሆኖ ይቀመጥ ነበር። አማች የሆኑ ነገሥታት ስለምን ድንበራቸውን ጠፍ አድርገው እንደሚጠብቁ ካልተረዳን የጅማን ታሪክ መረዳት አይቻልም። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ ዓ.ም. ተብለው ካልተለዩ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መንገዱ

የጠቡ ሥር የሲራራ መንገዱ ነው። ከከፋ ቦንጋ የተነሳ ነጋዴ ጎጀብን ተሻግሮ ጅማ ይገባል። ከጅማ ወደ ሊሙ ሰቃ፣ ከሰቃ በጉድሩ አሰንዳቦ በኩል ወደ ዓባይ ይወርዳል፤ ዓባይን ከተሻገረ በኋላ የጎጃሙን ባሶ ገበያ ያገኛል። ከዚያ ወዲያ ጎንደር፣ ከጎንደር ምጽዋ ነው። ሌላው ቅርንጫፍ ከጅማ ወደ ምሥራቅ ወጥቶ ጊቤን ይሻገርና በሸዋ ሮጌ ገበያ፣ በአልዩ አምባና በሐረር አድርጎ ዘይላ ወደብ ይደርሳል።

ወደ ሰሜን የሚወጣው የዝሆን ጥርስ፣ ወርቅ፣ ኮረሪማ፣ ቡና፣ ማርና በቀንድ ታሽጎ የሚጓዘው ዝባድ (ከጥርኝ የሚገኝ ሽቶ) ነበር። ሰውም ይሸጥ ነበር። ይህን ሸፋፍኖ ማለፍ አይገባም፤ ከጊቤ ማዶ በዘመቻ የተያዙ ወንዶች፣ ሴቶችና ሕፃናት በእነዚሁ ገበያዎች እየተሸጡ እስከ ቀይ ባሕር ተነድተዋል፤ የነገሥታቱ ሀብት አንዱ ምንጭም ይኸው ነበር። ወደ ደቡብ የሚመጣው ደግሞ ጨርቅ፣ ዶቃ፣ መዳብ፣ ጠገራ ብርና አሞሌ ጨው ነው። ጠገራ ብር ላይ የተቀረጸው ዓመት ምንጊዜም 1780 ነው፤ አንዱ 28 ግራም ይመዝናል። አሞሌ ከአፋር ጨው ሜዳ ተጠርቦ የሚመጣ የጨው ጡብ ሲሆን ከተነሳበት በራቀ ቁጥር ዋጋው ይወደዳል። ጊቤ ዘንድ ሲደርስ ገንዘብም ቅመምም ነው።

ለዚህ ንግድ ትልቁ እንቅፋት ዝናብ ነበር። ክረምት ሲገባ ዓባይ ይሞላና መሻገሪያው ይዘጋል፤ አሞሌ በእርጥበት ይሟሟል፤ የጭነት ከብቱ በጭቃ ይደክማል። ስለዚህ ነጋዴው የበጋውን ወራት በሚገባ መጠቀም ነበረበት። በበጋ አንድ ወር ሙሉ ኬላ ላይ የተያዘ ሲራራ ዓባይ ሳይሞላ መመለስ ያቅተውና ቀጣዩን በጋ እስኪጠብቅ ትርፉን በልቶ ይጨርሳል። የኬላ ጥበቃ ያን ያህል ከባድ መሣሪያ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ኬላና ሞጋ

ጅማ ዳር ድንበሯን በሁለት ነገር ታጥር ነበር። የመጀመሪያው ሞጋ ነው፤ በሁለት መንግሥታት መካከል የሚተው፣ የማይታረስና ቤት የማይሠራበት ሰፊ ጠፍ መሬት። በሰላም ጊዜ ከብት ይሰማራበታል፣ አደን ይታደንበታል። ጠብ ሲነሳ ግን ጦሩ ሳይታይ እንዳይደርስ ጊዜ ይሰጣል። ከሞጋው ወዲህ ቦይ ተቆፍሮ አጥር ይታጠራል፤ አጥሩ የሚከፈተው መንገድ በሚያልፍበት ቦታ ብቻ ነው። ያ መውጫና መግቢያ ኬላ ይባላል፤ አዛዡም አባ ኬላ።

ሲራራው ሞጋውን አቋርጦ ኬላው ደጅ ሲደርስ ወዲያው አይገባም። ማን እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ፣ ምን እንደጫነ ይጠየቃል። መልእክተኛ ወደ ቤተ መንግሥት ይላካል፤ ፈቃድ እስኪመጣ ነጋዴው ከደጅ ይሰፍራል። ከተፈቀደለት ቀረጡን ከፍሎ ይገባል። ሲወጣም እንዲሁ ነው። ዛሬ በአማርኛ ኬላ ስንል የምናስበው የፍተሻ ጣቢያ ነው፤ ያኔ ግን ያው ቦታ ጉምሩክም ኢሚግሬሽንም የጦር ምሽግም ነበር።

ጥንካሬውም ድክመቱም እዚህ ላይ ነው። ከጎረቤቱ የተጣላ ንጉሥ ጦር ሳያዘምት ኬላውን ዘግቶ ጎረቤቱን ሊጎዳ ይችላል። ነገር ግን ኬላ የዘጋ ራሱም ቀረጥ ያጣል። ደግሞም ነጋዴ ውኃ ነው፤ አንዱ ቢገደብ በሌላው ይፈስሳል። ሁለት መንገድ ካለ ቀረጡ ወደሚቀንስበትና ሌባ ወደማይደፍርበት ይሄዳል። ስለዚህ አምስቱ መንግሥታት በጦር ከመፎካከራቸው በፊት በቀረጥና በመንገድ ደህንነት ይፎካከሩ ነበር። በዚህ ፉክክር የሚሸነፈው ዘላቂ መፍትሔ የሚያገኘው ሌላውን መንገድ በመያዝ ብቻ ነው።

ሊሙ እናርያና ጅማ

በክፍለ ዘመኑ መጀመሪያ የበላይዋ ሊሙ እናርያ ነበረች። አባ ባጊቦ ከ1825 እስከ 1861 ነግሠዋል፤ ገበያቸው ሰቃ ነው። ከሰሜን የሚመጡት ጀበርቲ የሚባሉት ሙስሊም ነጋዴዎች ከሰቃ አልፈው ወደ ከፋ እንዳይወርዱ ይከለከሉ ነበር። ከሰቃ ወዲያ ያለውን ንግድ የሚሠሩት አፍቃላ የሚባሉት የአገሬው ነጋዴዎች ናቸው። በዚህም የከፋ ዕቃ ዋጋው የሚቆረጠው ሰቃ ላይ ሆነ። ለሊሙ ይህ ብልህ ሥርዓት ነበር፤ ለጅማ ግን ራስ ምታት፤ ዕቃው በደጃፏ አልፎ ትርፉ ጎረቤት ይቀራልና።

አባ ባጊቦ ጎረቤቶቻቸውን የያዙት በጋብቻ ነው። ፈረንሳዊው ተጓዥ አንቷን ዳባዲ በ1843 ከፋ መግባት የቻለው የከፋን ንጉሥ እህት ለአባ ባጊቦ ለማምጣት ከሄዱት ሠርገኞች ጋር ተቀላቅሎ ነው። ነጋዴ በማይገባበት መንገድ ሠርገኛ ይገባል፤ የጊቤ ዲፕሎማሲ እንዴት ይሠራ እንደነበር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ይከብዳል። ከጅማም ጋር እንዲሁ ተደርጓል። አባ ባጊቦ ለልጃቸው ለአባ ዱላ የቀዳማዊ አባ ጅፋርን ልጅ አጋቡ።

ጋብቻው መንገዱን አላዳነውም። ከ1830 እስከ 1855 የነገሡት ቀዳማዊ አባ ጅፋር (መጠሪያ ስማቸው ሳና ሲሆን አባ ጅፋር የፈረስ ስማቸው ነው) በ1847 ባዲ ፎላን ያዙ። ባዲ ፎላ በካርታ ላይ ትንሽ ናት። ክብደቷ ከከፋ ወደ ጎጃምና ወደ ሸዋ የሚሄደው መንገድ በእርሷ በኩል በማለፉ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሰቃ ገበያ የቆመበት መሠረት ተናጋ፤ ነጋዴውም ቀስ በቀስ ወደ ጅማው የሂርማታ ገበያ ዞረ። አባ ባጊቦ በ1861 ሲሞቱ ሊሙ የቀድሞ ክብሯን የሚመልስላት ሰው አላገኘችም።

ጅማም ብትሆን ያለ ልክ ስትገፋ ዋጋ ከፍላለች። የአባ ጅፋር ልጅ አባ ሬቡ አራት ዓመት ብቻ ነገሡ፤ በ1859 ጎረቤት መንግሥታት ተባብረው ተነሱባቸውና በጦርነት ሞቱ። የጊቤ ነገሥታት አንድ የሚሆኑት በአብዛኛው ከመካከላቸው አንዱ ከልክ በላይ ሲያድግ ነበር፤ ያ ጥምረት ደግሞ ድሉ እንደተገኘ ይፈርሳል። ከ1862 እስከ 1878 የነገሡት አባ ጎሞል ግን ከምሥራቅ በኩል የጋሮን መንግሥት ወስደው በጅማ አጸኑት። ከጅማ ባለጸጎችን ወስደው ጋሮ ላይ አሰፈሩ፤ የጋሮን ታላላቅ ሰዎች አምጥተው በቤተ መንግሥቱ አጠገብ ጅሬን ላይ አስቀመጡ። የተያዘ አገር እንዳያምፅ የሚደረግ ዘዴ ነው፤ ሠርቷልም።

አርፋ ናጋዶታ

በ1880ዎቹ በጉማው ንጉሥ በአባ ጁቢር ጎትጓችነት ጉማ፣ ጅማ፣ ሊሙና ጎማ ተባብረው ከምዕራብ ካሉት እስልምናን ካልተቀበሉ ኦሮሞዎች ጋር ጦርነት ገጠሙ። ኅብረቱ አርፋ ናጋዶታ ተባለ፤ አራቱ ነጋዴዎች ማለት ነው። በዚያ አገር ነጋዴነትና ሙስሊምነት አንድ ላይ ስለተያዙ ስሙ ሃይማኖትንም ንግድንም ይናገራል። የተቃራኒው ወገን አርፋ ኦሮሞታ ይባል ነበር።

ይህን ኅብረት የሊቃውንት መጽሐፍ እንኳ አንዳንዴ በአንድ ዐረፍተ ነገር ያልፈዋል። እኔ ግን የአምስቱን መንግሥታት ዕጣ ከሁሉ በላይ የሚያስረዳው እርሱ ይመስለኛል። አራቱ ሃይማኖት ሲጠራቸው ተባበሩ። የሸዋ ጦር በመጣ ጊዜ ግን አንዱም ለሌላው አልደረሰም፤ እያንዳንዱ ለየብቻው ገበረ ወይም ለየብቻው ተወጋ። ጎረቤት ሲዳከም ገበያው ወደ እኔ ይዞራል የሚል ተስፋ በእያንዳንዱ ቤተ መንግሥት ስለነበረ የጋራ መከላከያ አልተሠራም። እርስ በርስ ያለው ጥርጣሬ ወደ እንግዳም ይሻገር ነበር፤ በ1879 ጌራን ትገዛ የነበረችው ገኔ (ንግሥት) ጣሊያናውያኑን ተጓዦች ቼኪንና ኪያሪኒን ይዛ አስቀምጣለች፤ ኪያሪኒ እዚያው ሞቷል።

ጎጃምና ሸዋ

ከጊቤ ውጭም የአጋሮች ጠብ ነበር። የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትና የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ሁለቱም ለዐፄ ዮሐንስ 4ኛ የሚገብሩ፣ በአንድ ዙፋን ጥላ ሥር ያሉ ነገሥታት ናቸው። ተክለ ሃይማኖት በ1881 ሲነግሡ ማዕረጋቸው ንጉሠ ጎጃም ወከፋ ተባለ። ይህ ማዕረግ ብቻውን የጊቤን መንገድ ለጎጃም ይሰጣል፤ ምኒልክ ደግሞ የጦር መሣሪያ የሚገዙበትን የዝሆን ጥርስና ዝባድ የሚያገኙት ከዚሁ ምድር ነው። በግንቦት 1874 ዓ.ም. እምባቦ ላይ ተዋጉ፤ የምኒልክ ጦር አዛዥ የራስ ጎበና ፈረሰኛ ወሳኝ ሆነ፤ ተክለ ሃይማኖት ቆስለው ተማረኩ። ዐፄ ዮሐንስ ያለ ፈቃዳቸው በመዋጋታቸው ሁለቱንም ቀጡ፤ ከምኒልክ ወሎን፣ ከተክለ ሃይማኖት አገው ምድርን ወሰዱ። የጊቤ ግብር ግን ከዚያ ወዲህ ወደ ሸዋ ሆነ።

የዳግማዊ አባ ጅፋር ውል

ዳግማዊ አባ ጅፋር በ1878 ሲነግሡ ገና ወጣት ነበሩ። እናታቸው ገኔ ጉሚቲ ከሸዋ ጋር መዋጋት እንደማያዋጣ መክረዋቸዋል። ጅማ ያለ ጦርነት ገበረች። የውሉ ይዘት ባጭሩ፣ ጅማ በየዓመቱ ግብር ትከፍላለች፣ ንጉሠ ነገሥቱ ሲዘምቱም ጦር ትሰጣለች፤ በምላሹ ንጉሧ በዙፋኑ ይቆያል፣ የውስጥ አስተዳደሩ አይነካም፣ የሸዋ ጦር አይሰፍርባትም። ሌሎቹ የጊቤ መንግሥታት በ1880ዎቹና በ1890ዎቹ መጀመሪያ ነገሥታታቸውን ሲያጡ ጅማ ንጉሧን ይዛ ቀረች።

ውሉ ሸክም ነበረው። አባ ጅፋር በ1894 በወላይታ፣ በ1897 በከፋ ላይ ከምኒልክ ጦር ጋር ዘምተዋል። ከፋ ለትውልድ ሁሉ የጅማ ገበያ የተመገበባት አገር ናት፤ ንጉሧ ጋኪ ሸሮቾ ከወራት ጦርነት በኋላ ሲማረኩ የጅማ ጦር ከዘማቾቹ መካከል ነበር። ጅማ ራሷን ያዳነችበት ውል የጎረቤቷን ነፃነት ለማጥፋት ያስገደዳት መሆኑ መነገር አለበት።

በንግድ በኩል ግን ያ ዘመን የጅማ ወርቃማ ጊዜ ነበር። ከጅሬን ኮረብታ ግርጌ መንደራ የሚባል የነጋዴና የባለሙያ ሰፈር ተቋቋመ፤ ከየአገሩ የመጣ ነጋዴ በንጉሡ ጥበቃ ሥር ይሰፍርበታል። የሂርማታ የሐሙስ ገበያም የደቡብ ምዕራቡ ሁሉ ገበያ ሆነ። ሰቃ በክልከላ የያዘችውን ጅማ በመቀበል አገኘችው፤ እንግዳውን ከገበያው አጠገብ አስፍሮ ቀረጥ ማስከፈል ከድንበር ላይ ከማስቆም ይበልጥ ያዋጣል።

ውሉ ያረጀው ዘመኑ ሲለወጥ ነው። የማዕከሉ መንግሥት ግብርን ብቻ ሳይሆን የቡናውን ቀረጥ ራሱ መሰብሰብ ሲፈልግ ለባለ ውል ንጉሥ ቦታ አልቀረም። አባ ጅፋር በ1932 ሲሞቱ ሥልጣኑን ይዘው የነበሩት የልጅ ልጃቸው አባ ጆቢር ተሽረው ጅማ በቀጥታ ከአዲስ አበባ መተዳደር ጀመረች።

ዛሬ ጅማ ከተማ ውስጥ መንደራ ቆጪ፣ ሂርማታ መርካቶ፣ ሂርማታ መንቲናና ጅሬን የቀበሌ ስሞች ናቸው። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ከከተማው መሐል ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ጅሬን ላይ ቆሟል፤ ወደ ቦንጋ የሚወስደው መንገድም በድልድይ ጎጀብን ይሻገራል። ሐሙስ ዛሬም የገበያ ቀን ነው።