የሥራ ቦታ ባህል ምንድን ነው?

የሥራ ቦታ ባህል የሚባለው የአንድ መሥሪያ ቤት ሰዎች ማንም ሳያዝዛቸውና በመመሪያ ሳይጻፍ «እዚህ ቤት የሚሠራው እንዲህ ነው» ብለው የሚከተሉት ልማድ፣ ከልማዱም ሥር ያለው እምነት ነው። ብዙ ጊዜ በመግቢያው ላይ ከሚሰቀለው የራዕይ፣ የተልዕኮና የእሴቶች ሰሌዳ ጋር ይምታታል። ሰሌዳው «ግልጽነትና ተጠያቂነት» ይላል፤ አዲስ የተቀጠረው ሠራተኛ ግን ወር ሳይሞላው የትኛው ኃላፊ ዘንድ መጥፎ ዜና ይዞ እንደማይገባ፣ በሩብ ዓመቱ ሪፖርት ላይ የትኛው ቁጥር ከዕቅድ በታች መውረድ እንደሌለበትና በስብሰባ ላይ እጁን ያወጣ ሰው በኋላ ምን እንደሚባል እያየ ይማራል። የዕለት ሥራውንም የሚመራለት ይኸው እያየ የተማረው ነው።

በማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ለረጅም ዓመታት ያስተማሩት ኤድጋር ሻይን ባህልን በሦስት እርከን ከፍለው አስረድተዋል። ከላይ ያለው ለዓይን የሚታየው ነው፤ የቢሮው አቀማመጥ፣ አለባበሱ፣ የስብሰባው ሥርዓት። ቀጥሎ ተቋሙ እከተላቸዋለሁ የሚላቸው እሴቶች አሉ። ከሁሉ በታች ያለው ደግሞ ማንም ስለማይጠይቀው የማይነገር ግምት ነው። በእርሳቸው አስተያየት መሪ ይህን ሦስተኛውን እርከን የሚቀርጸው በንግግር ሳይሆን ዘወትር በሚከታተለው ነገር፣ ችግር ሲደርስ በሚያሳየው ጠባይ እንዲሁም በሚሸልመውና በሚሾመው ሰው ነው።

አመራር የሠራተኛን ጠባይ ምን ያህል እንደሚለውጥ ነጥሎ ማየት ያስቸግራል፤ አለቃ ሲለወጥ ሠራተኛውም፣ መሣሪያውም፣ ገበያውም አብረው ይለወጣሉና። በካሊፎርኒያ ፍሪሞንት ከተማ የነበረው የመኪና ፋብሪካ ዛሬም ድረስ የሚጠቀሰው ይህን ለመለየት ስለሚረዳ ነው። ጀነራል ሞተርስ ፋብሪካውን እ.ኤ.አ. በ1982 ሲዘጋው ከሠራተኛው ከ20 በመቶ በላይ የሚሆነው በየጊዜው ከሥራ ይቀር ነበር፤ በሥራ ሰዓት መጠጣት የተለመደ ነበር፤ በሠራተኛ ማኅበሩና በአስተዳደሩ መካከል የነበረው ጠብም መብረጃ አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ1984 ቶዮታና ጀነራል ሞተርስ ኑሚ የተባለ የጋራ ኩባንያ አቋቁመው ፋብሪካውን እንደገና ከፈቱት፤ አስተዳደሩን የያዘው ቶዮታ ነበር። ከተቀጠሩት አብዛኞቹ ያው የቀድሞዎቹ ሰዎች ሲሆኑ ማኅበሩም የቀድሞው ነበር። ብዙም ሳይቆይ ከሥራ የሚቀረው ወደ 2 በመቶ ገደማ ወረደ፤ የመኪናዎቹ ጥራትም በጃፓን ካሉት የቶዮታ ፋብሪካዎች ምርት ጋር የሚወዳደር ሆነ።

ምን ተለወጠ? በቀድሞው አሠራር የምርት መስመሩ በምንም ምክንያት መቆም አልነበረበትም። ብሎኑ ሳይጠብቅ ያለፈ መኪና ጉድለቱን እንደያዘ እስከ መጨረሻው ይጓዛል፤ ከዚያ ግቢ ውስጥ ተደርድሮ ይጠገናል። ሠራተኛው ጉድለቱን እያየ ዝም ይላል፤ ዝም ማለቱም ስንፍና አልነበረም፤ የሚመዘንበትን መስፈርት በትክክል ስለተረዳ ነው። ቶዮታ በየሠራተኛው አጠገብ አንዶን የሚባል ገመድ ዘረጋ። ችግር የገጠመው ሰው ገመዱን ሲስብ ዜማ ይሰማል፣ መብራት ይበራል፣ የቡድን መሪውም ወደ እርሱ ይመጣል። መኪናው ከተወሰነው ምልክት እስኪደርስ ድረስ ችግሩ ከተፈታ መስመሩ ሳይቆም ይቀጥላል፤ ካልተፈታ ይቆማል። እንደ እኔ አስተያየት የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ያለው የቡድን መሪው በደረሰባት በዚያች ቅጽበት ነው። «ማን ነው ያበላሸው?» ብሎ ቢጀምር ገመዱን ሁለተኛ የሚነካው ሰው አይገኝም ነበር። «ምን ገጠመህ?» ብሎ እጁን ለሥራ ሲዘረጋ ግን፣ አጠገብ የሚሠሩት ሁሉ ከማንኛውም ሥልጠና የበለጠ ነገር ይማራሉ።

ገመዱ ብቻውን አልነበረም። ኩባንያው ሠራተኛ መቀነስ የመጨረሻው አማራጭ እንደሚሆን ቃል ገብቶ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ሽያጭ ሲቀዘቅዝም ሰዎቹን ከማሰናበት ይልቅ ለሥልጠናና ለሌላ ሥራ መደባቸው። ይህ ባይሆን ኖሮ የሁለት ሰው ሥራ በአንድ ሰው የሚያልቅበትን ዘዴ ያገኘ ሠራተኛ ዘዴውን ለራሱ ይዞት ይቀር ነበር፤ የጓደኛውን እንጀራ የሚቆርጥ ሐሳብ ማን ያቀርባል?

ጀነራል ሞተርስ ይህንኑ አሠራር እዚያው ካሊፎርኒያ ቫን ናይስ ወደነበረው ፋብሪካው ሊወስድ ሞክሮ አልተሳካለትም። ማኅበሩ ተከፋፈለ፤ አለቆቹም ዋጋ የሚሰጡት በቀን ለሚወጣው የመኪና ብዛት ስለነበር መስመሩ እንዲቆም አይፈልጉም ነበር።

የአገራችን አንባቢ ከዚህ አሠራር ጋር የሚተዋወቀው በካይዘን፣ ማለትም ሥራን ያለማቋረጥ ጥቂት በጥቂት በማሻሻል ስም ነው። በጃፓን ዓለም አቀፍ የትብብር ኤጀንሲ ድጋፍ በ30 ያህል ኩባንያዎች ሙከራ ከተደረገ በኋላ የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት በ2004 ዓ.ም. ተቋቁሟል። በየፋብሪካው ቶሎ የሚታየው «አምስቱ ማዎች» የተባሉት የሥራ ቦታን የማደራጃ ደንቦች ያመጡት ለውጥ ነው፤ መሣሪያው በቦታው ይቀመጣል፣ ወለሉ በቀለም ይሰመራል፣ የመረጃ ሰሌዳ ይሰቀላል። ይህ ጥቅሙ ትንሽ አይደለም፤ በሻይን አከፋፈል ግን የመጀመሪያው እርከን ነው። አስቸጋሪው «ይህ ማሽን ትናንትም እንዲህ ነበር፣ ተናግሬ የሰማኝ የለም» የሚለውን ሠራተኛ የሚያዳምጥ ኃላፊ ማግኘቱ ነው። አንዳንዶች ዝምታውን «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» እያለ ካደገ ሕዝብ ጠባይ ጋር ያያይዙታል። አባባሉ መኖሩ አይካድም፤ ነገር ግን ንጉሥ በሌለበት በፍሪሞንትም ሠራተኛው ለዓመታት ዝም ብሎ ነበር፣ መናገር የማያስቀጣ ሲሆን ደግሞ ተናግሯል። ሰው በየአገሩ የሚያሰላው ተመሳሳይ ነገር ነው፤ ብናገር ምን ይደርስብኛል፣ ዝም ብልስ? የአስተያየት መስጫ ሳጥኑ ተከፍቶ እንደማያውቅ የሚያውቅ ሠራተኛ ወረቀት ባይከትበት አይፈረድበትም።

የፍሪሞንትን ታሪክ እንደ ተረት ማሳመርም አይገባም። የሥራው ፍጥነት ፋታ እንደማይሰጥና የቡድን አሠራሩ ሠራተኛውን እርስ በርሱ እንዲቆጣጠር እንደሚያደርግ የነቀፉ የሠራተኛ ማኅበር ሰዎች ነበሩ፤ ነቀፋቸውም መሠረት ነበረው። ጥሩ ባህል የባለቤቶችን ውሳኔና የገበያን ሁኔታም አያስቀርም፤ ጀነራል ሞተርስ እ.ኤ.አ. በ2009 ሲከስር ከሽርክናው ወጣ፣ ቶዮታም ብቻውን ሊቀጥልበት ስላልፈለገ ኑሚ በ2010 ተዘጋ፤ በዚያው ዓመት ሕንፃውን የገዛው ቴስላ እስከ ዛሬ መኪና ይሠራበታል።