የአዳማ ባቡር ጣቢያ

አዳማን ከተማ ያደረጋት ባቡር ነው። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ገባ። ከዚያ ለዓመታት ባለበት ቆየ። በኋላ በአዋሽ በኩል ወደ መሃል አገር ወጣና በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። አዳማም ከዋና ከተማዋ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የመስመሩ አንድ ጣቢያ ሆነች።

ቦታው ለገበያ የተመቸ ነው። ከአዋሽ እስከ አዲስ አበባ ሐዲዱ ዳገት ነው፤ አዳማ መሃል ላይ ናት። ወደ አርሲ የሚወስደው መንገድም ከዚሁ ይነሳል። የአርሲ ስንዴና ገብስ ይዞ የወረደ ገበሬ፣ የድሬዳዋ ዕቃ ይዞ ከመጣ ነጋዴ ጋር እዚህ ይገናኝ ነበር። ባቡሩ ሲቆም ደግሞ መስኮት ሥር ሌላ ገበያ ይቆም ነበር። ቆሎው፣ የተቀቀለው እንቁላል፣ ብርቱካኑ በእጅ ወደ ላይ ይሰጥ ነበር፤ መልሱ ሳይመለስ ፉጨቱ ይሰማል። ለእኔ ጣቢያው ማለት ይሄ ነው። ኦሮምኛው፣ አማርኛው፣ ሶማልኛው አንድ መድረክ ላይ ነበር። የባቡር ድርጅቱ የሥራ ቋንቋ ግን ፈረንሳይኛ ነበር፤ አዲስ አበባ ውስጥ «ለገሃር» የምንለውም ከዚያው የመጣ ቃል ነው።

የኋላ ኋላ የጭነት መኪና በረታ፣ ሐዲዱ አረጀ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ ያለው አሮጌው መስመር ሥራ አቆመ።

አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በመስከረም 2009 ተመረቀ፤ መደበኛ አገልግሎቱ በ2010 ጀመረ። የድሮው ሐዲድ ስፋት 1 ሜትር ነበር፤ የአሁኑ 1.435 ሜትር ነው። ከሰበታ እስከ አዳማ መንታ ሐዲድ ተዘርግቷል፤ ከአዳማ ወዲያ ነጠላ ይሆናል። ሥራው ትልቅ ነው፣ ደስ ይላል። ነገር ግን አዲሱ ጣቢያ ከመሃል ከተማ ራቅ ይላል። እናቶች ዘንቢል ይዘው በእግር ብቅ የሚሉበት ቦታ አይደለም። ሰው እዚያ ለመድረስ ሌላ ትራንስፖርት መያዝ አለበት።

ከአዲስ አበባ አዳማ የሚወስደው የፍጥነት መንገድም አለ። ከተማዋ አዳማ የሚለውን ስሟን በይፋ ያስመለሰችው በ1992 ቢሆንም፣ የመኪናው ረዳት ዛሬም በድሮ ስሟ «ናዝሬት! ናዝሬት!» እያለ ይጣራል። መንገደኛው የሚሄደው ወደዚያ ድምፅ ነው። ባቡሩ በአዳማ የሚያልፈው በአብዛኛው ኮንቴይነር ጭኖ ነው።