የአሜሪካ ወግ አጥባቂዎችና ብሔራዊ ደኅንነት፦ አዘውትረን የምንሰማቸው ስሕተቶችና እውነታው

አንድ የአሜሪካ ወግ አጥባቂ ተንታኝ ማታ በቴሌቪዥን የተናገረው ነገር ጠዋት በአማርኛ ገጾች «ሪፐብሊካኖች ወሰኑ» ተብሎ ይነበባል። ተንታኝ ግን ድምፅ አይሰጥም። ድምፅ የሚሰጡት 435 የተወካዮች ምክር ቤት አባላትና 100 ሴናተሮች ናቸው፤ በትልልቅ ጉዳዮች ላይ ማን ደግፎ ማን እንደተቃወመ ደግሞ በስም ተመዝግቦ ማንም ሊያየው ይችላል። ከዚህ በታች ያሉትን ስሕተቶች የምናርመው በዚያ መዝገብ ነው። ዓመቶቹ፣ ወራቱና ቀኖቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

«ሪፐብሊካን ሁሉ ጦር ናፋቂ ነው»

ይህ ከቡሽ ዘመን የቀረ ሥዕል ነው። ያኔስ ያስኬድ ነበር፤ በ2002 ኢራቅን ለመውጋት ሥልጣን ሲሰጥ ከሪፐብሊካኖች የተቃወሙት በተወካዮች ምክር ቤት 6፣ በሴኔት 1 ሰው ብቻ ነበሩ። ሚያዝያ 2024 ለዩክሬን ወደ 61 ቢሊዮን ዶላር የሚመድበው ሕግ ሲቀርብ ግን ነገሩ ተገልብጧል። ሕጉ 311 ለ112 አለፈ፤ የተቃወሙት 112ቱም ሪፐብሊካን ናቸው። ከዚያው ፓርቲ የደገፉት 101 ነበሩ። በራሳቸው አፈ ጉባኤ በቀረበ ሕግ ላይ የፓርቲው አብዛኛው አባል «አይሆንም» አለ ማለት ነው።

ክፍፍሉ ትራምፕ ያመጡት አዲስ ነገርም አይደለም። የናቶ ስምምነት በ1949 ሴኔት ሲቀርብ ከ13ቱ ተቃዋሚዎች አንዱ «ሚስተር ሪፐብሊካን» የሚባሉት የኦሃዮው ሮበርት ታፍት ነበሩ፤ ስምምነቱን ያሻገሩት አርተር ቫንደንበርግም ሪፐብሊካን ናቸው። የጭልፊቶቹ (የጦር ኃይል ደጋፊዎቹ) አባት ተደርገው የሚጠሩት ሬገን እንኳ በ1983 ቤይሩት ውስጥ 241 ወታደሮች ከተገደሉባቸው በኋላ በጥቂት ወራት ውስጥ ጦራቸውን አስወጥተዋል። በ1987 ከጎርባቾቭ ጋር የመካከለኛ ርቀት ሚሳኤሎችን የሚያስወግድ ውል ሲፈርሙ አጥብቀው የተቿቸው የገዛ ወገኖቻቸው ነበሩ።

አብሮት የሚሄድ ሌላ ስሕተት አለ፤ «61 ቢሊዮን በጥሬ ገንዘብ ኪየቭ ተላከ» የሚለው። ከዚያ ውስጥ 23 ቢሊዮን ያህሉ አሜሪካ ከራሷ መጋዘን አውጥታ የሰጠችውን መሣሪያ ለመተካት የተያዘ ነው፤ ገንዘቡ የሚገባው እዚያው አሜሪካ ውስጥ ላሉ ፋብሪካዎች ነው። ተቃዋሚዎቹን ወግ አጥባቂዎች በቅጡ የሚያዳምጥ ሰው ይህን እንደማይክዱ ያያል። ጠንካራው መከራከሪያቸው ሌላ ነው፦ የጥይትና የሚሳኤል ምርቱ ውስን ስለሆነ ለቻይናና ለታይዋን ጉዳይ ይቆጠብ ነው የሚሉት። ክርክሩን «ገንዘብ ተሰረቀ» ወደሚል ወሬ ማውረድ ለደጋፊውም ለተቃዋሚውም አይጠቅምም።

«ኤች አር 6600 ጸድቆ ነበር»

በጦርነቱ ሰበብ ኢትዮጵያ ላይ ማዕቀብ እንዲጣል የሚጠይቀው ይህ የአሜሪካ ረቂቅ ሕግ በ2022 መጀመሪያ ላይ በየቤቱ የተወራ ነገር ነው፤ እስካሁንም «አሜሪካ በሕግ የቀጣችን ጊዜ» እያለ የሚጠቅሰው አለ። አልጸደቀም። ኤች አር 6600 በየካቲት 2022 ከተወካዮች ምክር ቤት የውጭ ጉዳይ ኮሚቴ ወጣ፤ በሴኔት በኩል የነበረው ኤስ 3199 ደግሞ በመጋቢት ከአቻው ኮሚቴ ወጣ። ሁለቱም እዚያው ቀሩ።

ኮሚቴ ማለፍ የመንገዱ መጀመሪያ ነው። ከኮሚቴ የወጣ ረቂቅ ለሙሉ ጉባኤ የሚቀርበው የአብላጫው ፓርቲ መሪዎች ቀን ሲቆርጡለት ነው፤ ካልቆረጡለት ሳይሞትም ሳይድንም ይተኛል። ሴኔት ሲደርስ ክርክሩን ለመዝጋት 60 ድምፅ ያስፈልጋል። በስምምነት ቶሎ ይለፍ ከተባለ ደግሞ አንድ ሴናተር ብቻ «እቃወማለሁ» ቢል ይቆማል። ሁለቱ ምክር ቤቶች ፊደል ሳይለያይ አንድ ዓይነት ጽሑፍ ማጽደቅ አለባቸው። ከዚያ በኋላ ፕሬዚዳንቱ፣ እሑድ ሳይቆጠር፣ 10 ቀን አላቸው። ይህ ሁሉ በሁለት ዓመቱ የኮንግረስ ዘመን ውስጥ ካላለቀ ረቂቁ ከነቁጥሩ ይሰረዛል። 117ኛው ኮንግረስ ጥር 3 ቀን 2023 ሲዘጋ ኤች አር 6600ም አብሮ ተዘጋ። በቀጣዩ ኮንግረስ ይኸው ቁጥር ለሌላ ረቂቅ ስለሚሰጥ፣ ቁጥሩን ብቻ ይዞ የሚፈልግ ሰው ከኢትዮጵያ ጋር ምንም የማይገናኝ ነገር ላይ ይወድቃል። የኮንግረሱን ዘመን አብሮ መያዝ ግድ ነው።

አንድ ጥንቃቄ ግን ያሻል። ለብቻው መቆም ያቃተው ረቂቅ አንዳንድ ጊዜ በየዓመቱ ሳይጸድቅ በማይቀረው የመከላከያ ሕግ ጀርባ ታዝሎ ያልፋል። ስለዚህ «ኮሚቴ ላይ ቀርቷል» ብሎ ፋይሉን ከመዝጋት በፊት ያንን ሺህ ገጽ የሚያልፍ ሰነድ ማየት ይገባል።

በጊዜው ብዙ ያልተወራለት ነገር ደግሞ ይህ ነው፦ ጉዳቱን ያደረሰው ረቂቁ ሳይሆን የፕሬዚዳንቱ ብዕር ነው። ኢትዮጵያ ከጥር 1 ቀን 2022 ጀምሮ ከአጎዋ (የአፍሪካ ምርቶች ያለ ቀረጥ አሜሪካ ከሚገቡበት ዕድል) የወጣችው፣ ብቁ የሚሆነውን አገር በየዓመቱ የመለየት ሥልጣን ነባሩ ሕግ ለፕሬዚዳንቱ ይሰጥ ስለነበር ነው፤ አዲስ ድምፅ አላስፈለገም። መስከረም 17 ቀን 2021 የወጣው የፕሬዚዳንቱ ትዕዛዝ 14046ም እንዲሁ በ1977ቱ የአስቸኳይ ጊዜ የኢኮኖሚ ሥልጣን ሕግ ላይ የቆመ ነው። በእሱ መሠረት በኅዳር ማዕቀብ የተጣለው በኤርትራ ጦርና በገዢው ፓርቲዋ ላይ ነበር። እንዲህ ያለው ትዕዛዝ የሚቆምበት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በየዓመቱ ካልታደሰ ይወድቃል፤ ይኸኛው ግን ከፕሪቶሪያው ስምምነት በኋላ፣ በመስከረም 2023 እንኳ፣ ታድሷል። ሰልፉ ሁሉ ወደ ኮንግረስ ሲሄድ ቁልፉ ዋይት ሐውስ ነበር።

«ሪፐብሊካኖች የኢትዮጵያ ወዳጆች ናቸው»

ወይም በተቃራኒው። ለመጀመሪያው ማስረጃ የሚሆኑት የኦክላሆማው ጄምስ ኢንሆፍ ናቸው፤ የሴኔቱን የመከላከያ ኮሚቴ የመሩ፣ ኢትዮጵያን ደጋግመው የጎበኙ፣ የባይደንን አያያዝ በአደባባይ የነቀፉ ወግ አጥባቂ። ነገር ግን ኤስ 3199ን ከዴሞክራቱ ሜነንዴዝ ጋር ያቀረቡት የአይዳሆው ጀምስ ሪሽም የለየላቸው ወግ አጥባቂ ናቸው። በአፍሪካ ጉዳይ የፓርቲ ስም ብዙም አይነግርም፤ የሚነግረው ሴናተሩ የየትኛው ኮሚቴ አባል እንደሆነ ነው።

«ጦርነት የሚያውጀው ኮንግረስ ነው፤ ስለዚህ ፕሬዚዳንቱ ብቻቸውን አይዋጉም»

በወረቀት ልክ ነው። በተግባር ግን ኮንግረስ ለመጨረሻ ጊዜ ጦርነት ያወጀው በሰኔ 1942 በቡልጋሪያ፣ በሃንጋሪና በሮማኒያ ላይ ነው። የእኛ ቃኘው ሻለቃ የተሰለፈበት የኮሪያ ጦርነት እንኳ በአሜሪካ በኩል የኮንግረስ አዋጅ አልነበረውም። ትሩማን ጦር ሲያዘምቱ ታፍት «እርምጃውን እደግፋለሁ፣ ሳይፈቀድ መደረጉን ግን አልቀበልም» የሚል መንፈስ ያለው ተቃውሞ አሰምተዋል፤ የዛሬዎቹ የወግ አጥባቂ ሕገ መንግሥት ተከራካሪዎችም የሚደግሙት ይህንኑ ነው።

የ1973ቱ የጦርነት ሥልጣን ሕግ ፕሬዚዳንቱ ጦር ካሰማሩ በ48 ሰዓት ውስጥ እንዲያሳውቁ ያዛል። ፈቃድ ካላገኙ በ60 ቀን ማቆም አለባቸው፤ ጦሩን በደኅና ለማስወጣት ሲባል ሌላ 30 ቀን ሊጨመር ይችላል። ቀዳዳው ያለው «ግጭት» በሚለው ቃል ላይ ነው። በ2011 ሊቢያ ላይ 60ው ቀን ሲያልፍ የኦባማ መንግሥት «እግረኛ ጦር የለንም፣ ይህ ሕጉ የሚለው ግጭት አይደለም» ብሎ ቀጠለ። በ2020 ደግሞ ፕሬዚዳንቱ ያለ ኮንግረስ ፈቃድ ኢራንን እንዳይወጉ የሚገድበው ውሳኔ 8 ሪፐብሊካኖች ተጨምረውበት ሴኔትን 55 ለ45 አለፈ፤ ትራምፕ ሻሩት፤ ሽረቱን ለመገልበጥ የሚያስፈልገው ሁለት ሦስተኛ ድምፅ አልተገኘም።

«አውሮፓውያን ለናቶ ዕዳ አለባቸው»

በወግ አጥባቂ መድረኮች የሚዘወተር አባባል ነው፤ ስሜቱ እውነት፣ አገላለጹ ስሕተት። በ2014 ዌልስ ላይ የተገባው ቃል እያንዳንዱ አገር ከጠቅላላ ምርቱ 2 በመቶውን ለራሱ መከላከያ እንዲያወጣ ነው፤ ለማንም የሚከፈል መዋጮ አይደለም። በሰኔ 2025 ሄግ ላይ ግቡ እስከ 2035 ድረስ 5 በመቶ ሆኗል፤ 3.5ቱ ለጦር፣ 1.5ቱ ለተያያዥ መሠረተ ልማት። በአንዱ አባል ላይ የተቃጣ ጥቃት በሁሉም ላይ እንደተቃጣ ይቆጠራል የሚለው አንቀጽ 5ም ቢሆን ሁሉም ወዲያው ጦር ይላክ አይልም፤ እያንዳንዱ «አስፈላጊ ነው ያለውን» እንዲያደርግ ነው የሚለው። ሥራ ላይ የዋለው አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከመስከረም 11 ቀን 2001 ጥቃት በኋላ፣ ለአሜሪካ ነው።

«ወግ አጥባቂ ሁልጊዜ ከስለላ ተቋማት ጎን ነው»

በአሜሪካ የውጭ ስለላ ክትትል ሕግ ውስጥ አንቀጽ 702 የሚባለው ክፍል ከአሜሪካ ውጭ ያሉ የውጭ ዜጎችን ግንኙነት፣ ለእያንዳንዱ ሰው የፍርድ ቤት ማዘዣ ሳይወጣ፣ ለመከታተል ይፈቅዳል። ዒላማው አዲስ አበባ ያለ ሰው ከሆነና አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ካለ ዘመዱ ጋር ኢሜል ከተጻጻፈ የዘመዱም ጽሑፍ አብሮ ይሰበሰባል። ጥያቄው ኤፍ ቢ አይ ያንን ክምችት በአሜሪካዊ ስም ሲፈትሽ ማዘዣ ያስፈልገው ወይ የሚለው ነው። ሚያዝያ 2024 ማዘዣ ይጠየቅ የሚለውን ማሻሻያ ያቀረቡት የአሪዞናው ሪፐብሊካን አንዲ ቢግስ ናቸው። ድምፁ 212 ለ212 ሆነ። ከደጋፊዎቹ 128ቱ ሪፐብሊካን፣ 84ቱ ዴሞክራት ነበሩ። በምክር ቤቱ ደንብ እኩል የወጣ ሐሳብ ስለሚወድቅ፣ 702 ያለ ማዘዣው ለሁለት ዓመት ታደሰ።